ሜሪላንድን የጣለው ስንብቱ ሳይሆን ኳስ የሚመራ ሰው ማጣቱ ነው
(የምላሽ ጽሑፍ)

ስለ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ያለ አበሻ ልጆቹ ቀዩን ማልያ ለብሰው ስለሚያድጉ ጉዳዩ መወራቱ አይገርምም። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2013-14 የውድድር ዘመን 17 ጨዋታ አሸንፎ በ15 የተሸነፈው፣ ከ1953 ጀምሮ የኖረበትን ኤሲሲ የተባለ ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ትቶ ቢግ ቴን ወደተባለው ሌላ ኮንፈረንስ ለመግባት በመወሰኑ ነው። ማስረጃ ብሎም ይደረድራል። ተጫዋቾቹ ልባቸው ሸፍቶ ነበር፤ ኤሲሲ በጨዋታ ድልድል ተበቅሏቸዋል፤ የመውጫው ቅጣት ቡድኑን አራቁቶታል፤ የጊዜው አሰልጣኝ ማርክ ተርጀን ጨዋታ መጨረስ አያውቅም፤ አምስት ልጆች ሽግግሩን ሸሽተው ለቀዋል። በቀጣዩ ዓመት 28 አሸንፎ በ7 ብቻ የተሸነፈውም ቢግ ቴን ቀላል ስለሆነ ነው ይላል።

ከእነዚህ ውስጥ ከፊል እውነት ያላቸው አሉ። መደምደሚያው ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

“ልባቸው ሸፍቶ ነበር” ከሚለው እንጀምር። ልቡ የሸፈተ ቡድን እየዋለ እያደር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። የሜሪላንድን ውጤቶች በጊዜ ቅደም ተከተል የተመለከተ ግን ተቃራኒውን ያገኛል። ቡድኑ በ20 ነጥብና ከዚያ በላይ የተሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በፒትስበርግ 79 ለ 59፣ በፍሎሪዳ ስቴት 85 ለ 61። ሁለቱም በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እንይ። ፌብሩዋሪ 15 በዱክ ሜዳ 69 ለ 67 ተሸነፉ፤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የቻርልስ ሚቸል ኳስ ቀለበቱ ላይ ተንከባላ ባትወጣ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። ፌብሩዋሪ 24 ከአገሪቱ ምርጥ ቡድኖች አንዱ የነበረውን ሲራክዩስን ገጥመው 57 ለ 55 ተሸነፉ። ማርች 2 ክሌምሰን ላይ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው 77 ለ 73 ተሸነፉ። ማርች 9፣ በኤሲሲ ታሪካቸው የመጨረሻ በሆነው የሜዳቸው ጨዋታ፣ የኮንፈረንሱን መደበኛ ውድድር 16 አሸንፎ በ2 ብቻ ተሸንፎ የጨረሰውን ቨርጂኒያን በተጨማሪ ሰዓት 75 ለ 69 አሸነፉ። እነዚህ ልጆች ሽንፈት እንጂ ስንፍና አልታየባቸውም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላየው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። 15ቱን ሽንፈቶች አንድ በአንድ ብንዘረዝራቸው ሰባቱ በ4 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የደረሱ ናቸው። ከእነዚህም አምስቱ በ2 ወይም በ1 ነጥብ፦ በመክፈቻው ዕለት ኖቬምበር 8 ብሩክሊን ላይ በኮኔቲከት 78 ለ 77፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ 77 ለ 75፣ በዱክ፣ በሲራክዩስ፣ በመጨረሻም በኤሲሲ ቶርናመንት በፍሎሪዳ ስቴት 67 ለ 65። የጆርጅ ዋሽንግተኑ ሞሪስ ክሪክ ያሸነፈበትን ኳስ ያገባው ሰዓቱ 0.6 ሰከንድ ሲቀረው ነው። የፍሎሪዳ ስቴቱ ደንክ የገባው 0.4 ሰከንድ ሲቀር። ኮኔቲከት ደግሞ በዚያው ዓመት የአገሪቱን ዋንጫ ያነሳ ቡድን ነው። በእርግጥ ጠባብ ድሎችም ነበሩ፤ በቨርጂን ደሴቶች በተደረገው የፓራዳይዝ ጃም ፍጻሜ ፕሮቪደንስን 56 ለ 52 አሸንፈው ዋንጫ ወስደዋል። ሚዛኑ ግን ወደየት እንዳጋደለ ግልጽ ነው።

በተደጋጋሚ በመጨረሻው ደቂቃ የሚሸነፍ ቡድን ሲገጥመን የመጀመሪያው ጥያቄ “ኳሱን ማን ይዞት ነበር?” የሚል መሆን አለበት። የሜሪላንድ ችግር ያለው እዚያ ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ወንዶች የማጥቂያ ሰዓት 35 ሰከንድ ነበር። ቡድኑ ኳሱን በ10 ሰከንድ ውስጥ ከመሃል መስመር ማሳለፍ አለበት። የመጨረሻውን ጥቃት ብቻውን ለመጠቀም የሚፈልግ ቡድን ሰዓቱን እየገፋ ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 8 ሰከንድ ሲቀር፣ አንድ ረጅም ተጫዋች መጥቶ የኳስ ያዡን ተከላካይ በሰውነቱ እንዲከልል (ግርዶሽ እንዲሆን) ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በፖይንት ጋርዱ፣ ማለትም በኳስ መሪው፣ ዓይን የሚወሰን ነው። ተከላካዩ ከግርዶሹ በታች ከዞረ ከሩቅ ይወረውራል፤ በላይ ከተከተለው ወደ ቀለበቱ ይገባል፤ ሁለቱም ወደሱ ከመጡ ለሚንከባለለው ረጅም ሰው ያቀብላል፤ ሦስተኛው ተከላካይ ሊረዳ ከገባ ደግሞ ጥግ ላይ ለቆመው ወርዋሪ ይልካል። ይህን ሁሉ አንድ ሰከንድ በማትሞላ ጊዜ አንብቦ መወሰን አለበት። አንድ ሰከንድ ከዘገየ የረዳው ተከላካይ ወደ ቦታው ይመለስና የቀረው አማራጭ እጅ ፊቱ ላይ ተዘርግቶበት የሚወረወር ኳስ ብቻ ይሆናል።

ሜሪላንድ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው አልነበረውም። ኳስ መሪው ፔሾን ሃዋርድ በ2013 ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል። ሴዝ አለን ኦክቶበር ላይ በልምምድ እግሩ ተሰብሮ የመጀመሪያዎቹን 12 ጨዋታዎች አልተሰለፈም። የቀሩት አንደኛ ዓመቱ ሮዲ ፒተርስና ቡድኑን በነጥብ የሚመራው ዴዝ ዌልስ ነበሩ። ፒተርስ ኳስ ይዞ መግባት ይችላል፤ ከሩቅ ግን ስለማይወረውር ተከላካዩ ሁልጊዜ ከግርዶሹ በታች ዞሮ መንገዱን ይዘጋበታል። ዌልስ ደግሞ ጉልበተኛ የክንፍ ተጫዋች ነው። ጥንካሬው ሌላ ሰው ያመጣለትን ኳስ ይዞ ተከላካይን በትከሻው እየገፋ መጨረስ ላይ ነው። እሱን ኳስ መሪ ማድረግ ሁለት ኪሳራ አለው፦ ለቡድኑ መሪ አይሆንም፣ ጨራሹም ይጠፋል። ተቃራኒ ቡድኖች ይህን ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም፤ ቀለበቱ ሥር ተጠጋግተው ይጠብቁታል፣ እሱም ሦስት ሰው መሃል ገብቶ ወይ ይወረውራል ወይ ኳሱን ያስነጥቃል።

“አለን ከተመለሰ በኋላስ?” የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አለን በሌለባቸው 12 ጨዋታዎች ቡድኑ 7 አሸንፎ በ5 ተሸነፈ፤ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ 10 ለ 10 ነበር። በእርግጥ የኋለኞቹ ጨዋታዎች ከባዶች ናቸው፤ ይሁንና መመለሱ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ያሳያል። ምክንያቱም አለን በተፈጥሮው አስቆጣሪ እንጂ አደራጅ አልነበረም። ከስብራት የተመለሰ ተጫዋች ደግሞ ያመለጠውን የወራት ልምምድ በጨዋታ መሃል ነው የሚያካክሰው።

የመሃሉም ነገር መነሳት አለበት። 2.16 ሜትር ቁመት ያለው አሌክስ ሌን በጁን 2013 በኤንቢኤ ምርጫ አምስተኛ ሆኖ ወደ ፊኒክስ ሄዷል። እሱ ቀለበቱ ሥር ሲቆም የፊት ተከላካዮች ቢታለፉ እንኳ ስህተቱ ይሸፈን ነበር። ሻኪል ክሌርና ቻርልስ ሚቸል ጠንካሮች ናቸው፤ ሚቸል ሪባውንድ (ቀለበቱን ስቶ የተመለሰ ኳስ መልቀም) ላይ ጎበዝ ነው፤ ኳስ የሚያግድ ቁመት ግን አልነበራቸውም።

ወደ ድልድሉ እንሂድ። ጽሑፉ “ኤሲሲ ዱክንና ሰሜን ካሮላይናን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኮሌጅ ፓርክ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከተማ) እንዳይመጡ አድርጓል” ይላል። እውነት ነው፤ ሁለቱንም ሜሪላንድ የገጠማቸው በእነሱ ሜዳ ብቻ ነበር። 17,950 ሰው የሚይዘው፣ ያኔ ኮምካስት ሴንተር ይባል የነበረው የሜሪላንድ አዳራሽ በዱክ ጨዋታ ዕለት ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ደጋፊ ይህ ያንገበግባል፤ እኛም የምንሟገተው ጉዳይ አይደለም። ሆኖም ቁጭት ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ። ኤሲሲ በዚያ ዓመት ሲራክዩስን፣ ፒትስበርግንና ኖትር ዳምን ተቀብሎ 15 ቡድን ሆኗል። እያንዳንዱ ቡድን 18 ጨዋታ ይጫወታል፤ ስለዚህ ከ14 ተጋጣሚዎች አራቱን ብቻ ነው ሁለት ጊዜ የሚያገኘው። ለሜሪላንድ የደረሱት ቨርጂኒያ፣ ፒትስበርግ፣ ፍሎሪዳ ስቴትና ቨርጂኒያ ቴክ ናቸው። ከእነዚህ ጋር ባደረጋቸው 8 ጨዋታዎች 4 አሸንፎ በ4 ተሸንፏል። ቨርጂኒያ ሁለት ጊዜ መድረሱ ክብደት ነው፤ ቨርጂኒያ ቴክ ሁለት ጊዜ መድረሱ ደግሞ እፎይታ ነው፣ ሁለቱንም በቀላሉ አሸንፈዋቸዋል።

ከድልድሉ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ቁጥር ነው። ሜሪላንድ በኮንፈረንሱ ውስጥ በሜዳው 7 አሸንፎ በ2 ተሸነፈ፤ ከሜዳው ውጭ ደግሞ 2 አሸንፎ በ7። ከሜዳው ውጭ ያሸነፈው ቦስተን ኮሌጅንና ቨርጂኒያ ቴክን ብቻ ነው። ይህም ወደ መጀመሪያው ነጥብ ይመልሰናል። በሰው ሜዳ ጩኸቱ ሲበረታ ቡድንን የሚያረጋጋው ኳስ መሪ ነው፤ አሰልጣኝ ከመቀመጫው ቢጮህም አይሰማም።

ዱክ ወደ ኮሌጅ ፓርክ መጥቶ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮስ? ሜሪላንድ 9 ለ 9 በነበረበት ቦታ 10 ለ 8 ይሆን ነበር። የአገሪቱ ሻምፒዮን ወደሚለይበት የኤንሲኤኤ ቶርናመንት የሚያስገባው ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ መራጮቹ ከኮንፈረንስ ውጭ የተደረጉትንም ይመዝናሉ። ሜሪላንድ ከኮንፈረንሱ ውጭ አምስት ጊዜ ተሸንፏል፤ ከእነዚህ ሁለቱ በገዛ ሜዳው ናቸው። ኖቬምበር 17 በኦሪገን ስቴት 90 ለ 83፣ ዲሴምበር 21 ደግሞ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ 83 ለ 77። እነዚህን ሁለቱን ኤሲሲ አልደለደላቸውም።

ዳኞች በሜሪላንድ ላይ አድልተዋል የሚለውን አንድ አንቀጽ በችኮላ እንለፈው፤ ጽሑፉ ራሱ አንድም ጨዋታ አልጠቀሰምና። በዚያ ዓመት ፉጨት በየቦታው መብዛቱ እውነት ነው። የተከላካይ እጅ ኳስ ያዥ ላይ እንዳያርፍ የሚከለክለው ደንብ በመላው አገሪቱ የጠበቀው በ2013-14 ነው። ከዚህ ደንብ የተጠቀሙት ወደ ቀለበት የሚገባ ፈጣን ጋርድ ያላቸው ቡድኖች ናቸው።

የገንዘቡ ጉዳይ ላይ ጽሑፉ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። በሴፕቴምበር 2012 ኤሲሲ የመውጫ ቅጣቱን ከዓመታዊ በጀቱ ሦስት እጥፍ አድርጎ ከፍ አደረገ፤ ሜሪላንድና ፍሎሪዳ ስቴት ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ሜሪላንድ በኖቬምበር 19, 2012 መውጣቱን ሲያስታውቅ የተጠየቀው 52.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኤሲሲ ከሰሰ፣ የሜሪላንድንም የገቢ ድርሻ ያዘ። በኦገስት 2014 ሁለቱ ወገኖች በ31,361,788 ዶላር ተስማሙ፤ ያውም ኤሲሲ አስቀድሞ ከያዘው ድርሻ ላይ ተቀናሽ ሆኖ። ጽሑፉ “በዚህ የተነሳ ሰባት የስፖርት ቡድኖች ተዘጉ” ይላል። ሰባቱ የተዘጉት ግን በ2012 ክረምት፣ ሽግግሩ ከመታወጁ ከወራት በፊት ነው። የስፖርት ክፍሉ በዕዳ ተይዞ ነበር፤ የቢግ ቴን የቴሌቪዥን ገንዘብ የማረከውም ለዚሁ ነው። ድህነቱ ሽግግሩን አመጣ እንጂ ሽግግሩ ድህነቱን አላመጣም። ከተዘጉት ውስጥ ዋና፣ ቴኒስና የውኃ ፖሎ ነበሩበት፤ የወንዶች ቅርጫት ኳስን የነካው የለም።

“ተርጀን ጨዋታ መጨረስ አያውቅም” በሚለው ላይ ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። አሰልጣኙ ተጠያቂ ነው። የሚጠየቀው ግን በመጨረሻው ሰከንድ በሰሌዳ ላይ በሳለው ነገር ሳይሆን በ2013፣ የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት፣ ባላደረገው ነው። ሃዋርድ ሲለቅ ለአለን ተጠባባቂ የሚሆን፣ ከሁለት ዓመት በላይ ልምድ ያለው ጋርድ ማምጣት ነበረበት። አንድ ሰው ተጎዳ ማለት አደራጅ ጠፋ ማለት የሚሆንበት ስብስብ ይዞ ወደ ኤሲሲ መግባት ቁማር ነው፤ ቁማሩም የተበላው ገና ኦክቶበር ላይ፣ ጨዋታ ሳይጀመር ነው። ለዚህ ማስረጃው እሱ ራሱ በቀጣዩ ዓመት ያደረገው ነው። ከሰሜን ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ የተመረቀውን ሪሻድ ፓክን አመጣ፤ በጊዜው ደንብ ተመርቆ የሚዛወር ተጫዋች ዓመት ሳይጠብቅ ወዲያው መሰለፍ ይችል ነበር። ይህ በር በ2013ም ክፍት ነበር።

አምስቱ ልጆች ሽግግሩን ሸሽተው ለቀቁ የሚለው በወሬ ደረጃ ያምራል። ሴዝ አለን ወደ ቨርጂኒያ ቴክ፣ ቻርልስ ሚቸል ወደ ጆርጂያ ቴክ መሄዳቸው፣ ማለትም በኤሲሲ ውስጥ መቅረታቸው፣ ለጽሑፉ ጠንካራው ማስረጃ ነው። አለን፣ ሚቸልና ክሌር ወደ ሜሪላንድ የመጡትም ሽግግሩ ከመታወጁ በፊት ነበር፤ ቢግ ቴንን አልመረጡም። እስከዚህ ድረስ ትክክል። ግን ካርታውን ዘርግታችሁ እዩት። አለን የቨርጂኒያ ልጅ ነው፣ ሚቸል የጆርጂያ። በባሃማስ ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃን በሂውስተን የተማረው ክሌር ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሦስቱ ወደ አደጉበት ወይም ወደ ተማሩበት አካባቢ ነው የተመለሱት። የባልቲሞሩ ኒክ ፋውስት ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ስቴት ገባ፤ ሮዲ ፒተርስ ደቡብ ፍሎሪዳ። ሁለቱም ከኤሲሲ ጋር የሚያገናኛቸው የለም። ፒተርስ ደግሞ ኮሌጅ ፓርክ ሲገባ የቢግ ቴን ነገር ከታወጀ ወራት አልፈውት ነበር፤ የሚያውቀውን ነገር ነው ሸሸ የሚባለው?

የቀለለው ማብራሪያ የደቂቃ ጉዳይ ነው። በ2014 ክረምት የሚገቡት ጋርዶች፣ በተለይ ሜሎ ትሪምብል፣ የሚጫወቱበት ደቂቃ ከሆነ ቦታ መምጣት ነበረበት። አንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፣ ለሁለቱ የጋርድ ቦታዎች 80። ዌልስ ይቀጥላል፣ ትሪምብል ይመጣል፣ ዲዮን ዋይሊና ጃሬድ ኒከንስ ይመጣሉ። ፒተርስና ፋውስት ይህን ለመቁጠር ሒሳብ አዋቂ መሆን አላስፈለጋቸውም። ከአምስቱ ውስጥ ቡድኑን በእውነት የጎዳው የአለን መልቀቅ ነው ብለን እናምናለን።

የመጨረሻው ነጥብ “ቢግ ቴን ቀላል ስለሆነ 28 አሸነፉ” የሚለው ነው። በ2015 ቢግ ቴን ሰባት ቡድኖችን ወደ ኤንሲኤኤ ቶርናመንት አስገብቷል፤ ከአራቱ የፍጻሜ ቡድኖች ሁለቱ፣ ዊስኮንሲንና ሚሺጋን ስቴት፣ የዚያ ኮንፈረንስ ነበሩ። ሜሪላንድ ሁለቱንም አሸንፏል፤ በመጀመሪያው የቢግ ቴን ጨዋታው ሚሺጋን ስቴትን በራሱ በሚሺጋን ስቴት ሜዳ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውቶ 68 ለ 66፣ ዊስኮንሲንን ደግሞ ኮሌጅ ፓርክ ላይ 59 ለ 53። ለጸሐፊው የምንተውለት አንድ ነገር አለ፦ ዊስኮንሲንን የገጠሙት አንድ ጊዜ፣ ያውም በሜዳቸው ነው። ድልድል አንዳንዴ ይጎዳል፣ አንዳንዴ ይጠቅማል።

የተለወጠው የኳስ መሪው ነው። አንደኛ ዓመቱ ትሪምብል ከግርዶሽ ወጥቶ ከሩቅ ይወረውራል፤ ስለዚህ ተከላካዩ በታች ሊዞርበት አይችልም። በላይ ከተከተለው ይገባና ፋውል ያስነፋል፤ ፍሪ ስሮውን (የቅጣት ውርወራውን) ደግሞ አይስትም። ቡድኑ በሁለት ነጥብ ሲመራና ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተቃራኒ ቡድን ፋውል ማድረጉ ግድ ነው። በዚያን ጊዜ ኳሱን የማይስት እጅ ውስጥ ማኖር ማለት ድሉን መቆለፍ ማለት ነው። ዌልስም ወደ ክንፉ ተመልሶ ወደሚያውቀው ሥራ ገባ፤ ኖርዝዌስተርንን 68 ለ 67 ያሸነፉበትን ኳስ መጨረሻ ላይ ከቀለበቱ ሥር መልሶ ያገባው እሱ ነው። ፓክ የተቃራኒን ጥሩ ጋርድ ይከላከላል፣ ሁለተኛ ኳስ ያዥም ይሆናል። ጄክ ሌይማን ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከ2014ቱ ቡድን ብዙ ሰው ሳይቀር፣ ያው አሰልጣኝ፣ ያው አዳራሽ።

ለዚህ ነው 28 ለ 7ቱንም እንደ ተአምር የማናየው። ብዙዎቹ ድሎች ጠባቦች ነበሩ፤ የኤንሲኤኤ የመጀመሪያው ጨዋታ እንኳ ከቫልፓራይሶ ጋር 65 ለ 62 ነው ያለቀው። በቀጣዩ ዙር ሙሉውን ሜዳ አጥብቆ የሚጫን ዌስት ቨርጂኒያ መጣ። ትሪምብል በሁለተኛው አጋማሽ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሜዳ ወጣ። ጫናውን አልፎ ኳሱን ከመሃል መስመር የሚያሻግር ሰው ጠፋ፣ ሜሪላንድም ኳስ እያስነጠቀ 69 ለ 59 ተሸነፈ።